በሽምግልና ከመከላከል ነፃ ስለወጣችው ኮከባችን

ለተከበሩ አቶ ንጉሤ
የ«ኅብረታችን» የኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ማኅበር የወጣቶች ስፖርት ኮሚቴ ሰብሳቢ
አቡ ዳቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የባለቤትዎን ጤና፣ የልጆችዎን ጤና፣ በዚህ ሙቀት ደግሞ ያለ እሱ መኖር ስለማይቻል የቤትዎን ኤሲ ጤና በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እኔ ሰቢሃ ነኝ፤ አል ዋሕዳ ከትልቁ የገበያ ማዕከል ጀርባ ባለው ልብስ ስፌት ቤት የአባያ ጠርዝ የምሰፋው፣ የሙንተሃ እናት። ስሜን ካላስታወሱት በየጨዋታው ከሜዳው ዳር ተቀምጣ ለልጆቹ ብርቱካን የምትልጠውን ወፍራም ሴትዮ ያስቡ፤ እሷ እኔ ነኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ የደብዳቤ ሥርዓት ብስት ይቅር ይበሉኝ፤ ይቅር ማባባል የኮሚቴዎ ዋና ሥራ ሆኖ ስላየሁት አይከብድዎትም ብዬ ነው።

ጉዳዬ አጭር ነው፤ እኔ ግን አጭር ሰው አይደለሁም። ልጄ ሙንተሃ ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ቅርጫት ኳስ ልታቆም ነው። የሚቀጥለው ዓመት የመመዝገቢያ ቅጽ እስከ ቅዳሜ መመለስ አለበት ብላችሁ በላካችሁት መሠረት ቅጹ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ዘጠኝ ቀኑ ነው፤ እስካሁን አልነካችውም። እኔም ገፋፍቼ እንዳላስሞላት የሚከለክለኝን ነገር ለእርስዎ በግልጽ መጻፍ ተገቢ መስሎ ታየኝ፤ በማኅበሩ የዋትሳፕ ግሩፕ የምለጥፈውም ቤት ለቤት እየዞራችሁ እንዳትደክሙ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ምስጋናዬን ላድርስ። ቡድኑን ያቋቋማችሁት እናንተ ናችሁ። አል ናህያን ያለውን የትምህርት ቤት አዳራሽ ለምናችሁ አስፈቅዳችሁ፣ ፎቅ ላይ ተዘግተው ስልክ ላይ አንገታቸውን ደፍተው የሚውሉትን ሴት ልጆቻችንን አውጥታችሁ ኳስ አስያዛችኋቸው። አሠልጣኝም ፈልጋችሁ አገኛችሁላቸው፤ ሪድዋናን። ያስ ደሴት ካለ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ልጅነቷን ኮምቦልቻ ለትምህርት ቤቷ እየተጫወተች ነው ያሳለፈችው፤ ገና ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሆቴሉን ሻርፕ ከአንገቷ ሳታወልቅ እየሮጠች አዳራሽ ትደርስ ነበር። ይህችን ልጅ ስላገኛችሁልን እግዜር ይስጥልን። እንዴት አድርጋችሁ እንዳጣችኋት ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

የአቶ ፍፁም ልጅ ሶሊያና የቡድናችን ኮከብ መሆኗን ለእርስዎ አልነግርዎትም። በዐሥራ አራት ዓመቷ ኳሷን ከእጇ ስትለቃት ቅርጫቱ ራሱ ዝቅ ብሎ የሚቀበላት ነው የሚመስለው። ወላሂ እወዳታለሁ፤ ብርቱካኔንም ከሁሉ አብልጣ የምትበላው እሷ ናት። የኔዋ ደግሞ ማስቆጠር አትችልም። እናቷ ስለሆንኩ አልዋሽም፤ ዓመቱን ሙሉ ያስቆጠረችው ስድስት ነጥብ ነው፤ ከስድስቱም ሁለቱ የሌላ ልጅ እጅ ነክቶት የገባ ነው ይባላል። ሙንተሃ የምትችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው አታሳልፍም። ጉልበቷን አጠፍ፣ እጇን ዘርጋ አድርጋ፣ ዓሣ ገበያ እንደምናየው ሸርጣን ወደ ጎን ወደ ጎን ትሄዳለች። ኮሪደራችን ውስጥ ስትለማመድ ከታች ያሉት ጎረቤቶች በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን እየደበደቡ «ኸላስ! ኸላስ!»፣ በቃ በቃ ማለታቸው ነው፣ ይሉ ነበር። በትምህርቷ መካከለኛ ናት፤ መልኳም የኔ ነው፤ ዝምተኛ ናት። እንደዚህ ያለች ልጅ አንድ ቀን መጥታ «ማማ፣ ያቺ ረጅሟ ልጅ ዛሬ ምንም አላገባችም፤ እኔ ነበርኩ የያዝኳት» ስትለኝ ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም።

እንግዲህ ቅሬታዬን የቢሮ ሰዎች እንደሚያደርጉት በቁጥር ላስቀምጥ።

፩ኛ. ሪድዋና አንዲት ሕግ ነበረቻት፤ ለመከላከል ሮጣ ያልተመለሰች ልጅ፣ ማንም ትሁን ማን፣ ሁለት ደቂቃ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ሙንተሃም ተቀምጣ ታውቃለች፣ ሁሉም ተቀምጠዋል። የካቲት ላይ ከአንድ ትምህርት ቤት ጋር ስንጫወት ሶሊያና ሦስት ጊዜ በተከታታይ አስቆጥራ ሁለት ጊዜ ሳትመለስ ቀረች፤ ሪድዋናም አስቀመጠቻት። ልጅቷ ምን እንደሆነች ልንገርዎት? ምንም አልሆነችም። ከጎኔ መጥታ ብርቱካን በላች፣ ለጓደኞቿ ጮኸች፣ ሁለት ደቂቃዋ ሲያልቅ ገባች፣ በአራት ነጥብ አሸነፍን፣ ተቃቅፈው ዘለሉ።

አባትየው ግን ልጄ በሰው ፊት ተዋረደች አሉ። አቶ ፍፁም የአውሮፕላን ጥገና መሐንዲስ ናቸው፤ አንዲት ብሎን ስትላላ ምን እንደሚከተል ከኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። ሌላ ሰው ቢሆን አሠልጣኟን ጠርቶ ያነጋግራል፣ ወይ በኢሜይል ይጽፍላታል። እኛ ግን ባህል ያለን ሰዎች ነን፤ ኮሚቴዎ አምስት ሽማግሌ መርጦ ወደ ሪድዋና ላከ። ያቺ ምስኪን ልጅ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር በምትኖርበት ክፍል ከጎረቤት ወንበር ተውሳ ብትጠብቃቸው «እሺ ካላልሽን አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። «አባቶቼ፣ ስለ አላህ ተቀመጡ፣ ይሄ እኮ የጨዋታ ሕግ ነው፣ ለሁሉም እኩል ነው» ብትላቸው አንደኛው «ሕጉን ተዪው፤ እኛን ግን አታቁሚን» አሏት። ወገባቸውን የሚያማቸው አዛውንት ግድግዳ ይዘው ቆሙ። አርባ ደቂቃ። የወሎ ልጅ ናት፤ ሽበት ፊቷ ቆሞ እያየች እምቢ የሚል አንደበት ከየት ታመጣለች? እሺ አለች። ሁለት ደቂቃ ወንበር ላይ የተቀመጠች ልጅ ጉዳይ በአምስት ሰውና በአርባ ደቂቃ መቆም ተፈታ ማለት ነው፤ ለዚህ ጽናታችሁ ያለኝን አድናቆት ሳልገልጽ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል።

፪ኛ. በዚያው ቀን እርስዎ ራስዎ ቃለ ጉባኤውን ፎቶ አንስተው፣ ከአበባ ምልክት ጋር፣ በግሩፑ ላይ ለጠፉት። ተራ ቁጥር አንድ ሶሊያና ከእንግዲህ ወንበር ላይ አትቀመጥም ይላል። ተራ ቁጥር ሁለት ኳስ በተያዘ ቁጥር መጀመሪያ ለሶሊያና ይሰጣል ይላል። ተራ ቁጥር ሦስትን በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «ሶሊያና ጉልበቷን ለማስቆጠር ትቆጥብ ዘንድ ወደ ኋላ ተመልሳ ለመከላከል አትገደድም፤ በእርሷ ፈንታ ሌላዋ ልጅ ደርባ ትጠብቃለች።» ሌላዋ ልጅ የኔዋ ናት። በሦስት ገጽ ጽሑፍ ውስጥ የአምስቱ ሽማግሌዎች ስም ከነአያታቸው ሲጻፍ የእሷ ስም የሚገባበት ቦታ ጠፋ፤ ግድ የለም፣ ወረቀት ውድ ነው።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ጨርቅ ቆራጭ ነኝ፤ አንዱን ክንድ ጨርቅ እየወጠሩ ሁለት ክንድ ማድረግ እንደማይቻል ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ማሽን ላይ ተቀምጬ ተረድቻለሁ። የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅም አንዷን በግራ፣ አንዷን በቀኝ በአንድ ጊዜ እንዴት እንደምትጠብቅ ገርሞኝ በግሩፑ በድምፅ ጠየቅሁ። የአውራ ጣት ምልክት መለሱልኝ። ረክቻለሁ።

፫ኛ. ከዚያ አል ዓይን ሄድን። እንደሚያስታውሱት የኛ አገር ልጆች እዚያም ቡድን አላቸው፤ አሠልጣኛቸው ድምፃቸው የማይሰማ ቀጭን ሴት ናቸው። ኮከብ የላቸውም። አንዷም ልጅ ከሶሊያና ግማሽ አትደርስም። አምስቱም ወደፊት ይሮጣሉ፣ አምስቱም ወደ ኋላ ይሮጣሉ፣ በቃ። ሴትየዋ የሦስት ደቂቃ ያህል ዝም ብለው አዩን፤ ከዚያ ሶሊያና ልትጠብቃት የሚገባትን ባለ መነጽር ልጅ ጠርተው በጆሮዋ አንድ ነገር ነገሯት። ልጅቷ ሄዳ ከኛ ቅርጫት ሥር ቆመች። ብቻዋን ከመሆኗ የተነሣ ራሷ አፈረች፤ «እዚህ መቆም ይፈቀዳል?» ብላ ዳኛውን የምትጠይቅ ነበር የምትመስለው። ሙንተሃ የራሷን ልጅ ይዛ፣ አንገቷን እያዞረች፣ ያቺን ስታይ ይቺ ታመልጣታለች፣ ወደዚያ ስትሮጥ ኳሷ ወደዚህ ትመጣለች።

እረፍት ላይ በአምስት ነጥብ ብቻ ነበር የሚመሩን። ሁለተኛው አጋማሽ እንደጀመረ የሆነውን እርስዎ ከፊት ወንበር ስለነበሩ ከኔ በላይ አይተውታል፤ ለሌሎቹ ወላጆች ስል ነው የምጽፈው። ሶሊያና ዘወር ብላ ወደ ኋላ መሮጥ ጀመረች። ማንም ሳያዛት፣ ልጅቷን ልትይዝ። አቶ ፍፁም ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ተመለሺ! ጉልበትሽን ቆጥቢ!» አሉ፤ ከሽማግሌዎቹም አንዱ ምርኩዛቸውን አንሥተው ወዘወዙባት። ልጅቷ የሜዳው እኩሌታ ላይ ቀጥ አለች። እንግሊዝኛው ነው የሚቀናት፣ «ባባ፣ ሺ ኢዝ ኦፕን!» ብላ ጮኸች፤ ያቺ ልጅ ጠባቂ የላትም እኮ ማለቷ ነው። አባትየውም ምን ቢመልሱላት ጥሩ ነው? «ያንቺ አይደለችም! ተነጋግረን ጨርሰናል!»

ልጅቷ በሁለቱ ቅርጫት መካከል እንደቆመች ቀረች፤ እጆቿን ምን እንደምታደርጋቸው ጠፍቷት ነበር። ኳሷ ለባለ መነጽሯ ተሰጠች። የኔዋ ከወዲያ ማዶ ተነሥታ፣ ያን ሁሉ ሜዳ አቋርጣ፣ ዘላ ደረሰች፤ የደረሰችው ግን ኳሷ ላይ ሳይሆን የልጅቷ ክንድ ላይ ነበር። ዳኛው ነፋ። አምስተኛ ጥፋቷ ነበርና ወጣች። መጥታ ከጎኔ ስትቀመጥ ትንፋሽ አጥሯት «ማማ፣ ደረስኩ እኮ፤ ግን ዘገየሁ» አለችኝ። ብርቱካን ሰጠኋት፣ ይዛው ቆየች፣ አልበላችውም። አርባ ሰባት ለሃያ ስድስት ተሸነፍን። ከሃያ ስድስቱ ሃያ ሁለቱን ያስቆጠረችው ሶሊያና ናት፤ ተራ ቁጥር ሁለት ሙሉ በሙሉ ተግባራዊ ሆኗልና እንኳን ደስ ያላችሁ።

፬ኛ. የኮሚቴው ግምገማ በማግስቱ ደረሰን። «ማጥቃታችን አመርቂ ሲሆን፣ መከላከል ላይ ሌላዋ ልጅ ድክመት አሳይታለች» ይላል። ሶሊያና የኮከብ አስቆጣሪ ዋንጫ ተሸለመች፤ ፎቶ ስትነሣ ለምን ዓይኗ እንዳበጠ የጠየቀ አልነበረም። ሙንተሃ ደግሞ አምስት ጥፋት በመሥራቷ የማኅበሩን ስም እንዳታጎድፍ ሁለት ጨዋታ እንድታርፍ ተወሰነላት። በዚህ ላይ አዛኝነታችሁ ገፋፍቷችሁ ሁለቱን ልጆች ለማስታረቅ ሽማግሌ ተቀመጠ። ያልተጣላ ሰው ሲታረቅ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ከአል ዓይን ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ለሁለት ተካፍለው፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ተኝተው ነበር የመጡት። ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ «በይ አንቺ የበደልሻትን ተናገሪ» ስትሏት ሶሊያና «እኔ እኮ ልረዳት ነበር» አለች፤ ሙንተሃም «አውቃለሁ» አለቻት፤ ከዚያ ተያይተው ሳቅ አመለጣቸው። ያቺን ሳቅ ነው «ሥርዓት ጎድሏቸዋል» ብላችሁ የጻፋችሁት። ከዚያን ቀን ወዲህ አቶ ፍፁም ልጃቸውን በራሳቸው መኪና ነው የሚያመላልሷት፤ ሁለቱ አብረው ተቀምጠው አያውቁም።

፭ኛ. ሪድዋና ሄደች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሆቴል እንድትሠራ ራሷ ጠይቃ ፈረቃዋን አስቀየረች። ከመሄዷ በፊት ወደ ስፌት ቤት መጥታ ከማሽኔ አጠገብ ቆመችና «እትዬ ሰቢሃ፣ እሺ ያልኩ ቀን ነው የበደልኳቸው» አለችኝ። «ምን ታደርጊ፣ አምስት ሽማግሌ ቆሞብሽ» አልኳት፣ አጽናናሁ ብዬ። ከሄደች በኋላ ግን መርፌው ላይ ዓይኔን ተክዬ ቀረሁ፤ የምወቅሰውን ሰው ስቆጥር እኔም ቁጥር ውስጥ ገባሁ። ቃለ ጉባኤው ሲለጠፍ ያየሁት እኔ ነኝ። የአውራ ጣት ምልክት መጥቶልኝ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ከታላላቅ ሰው ጋር ስለ ኳስ መከራከር ከአንዲት ልብስ ሰፊ የሚጠበቅ አይደለም ብዬ ብርቱካን ስልጥ የነበርኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ የተወቀሰ ሰው ቢኖር ከጎኑ እኔ መቀመጤን ይወቅልኝ።

ምን እንድናደርግ ትፈልጊያለሽ ይሉኝ ይሆናል። ምንም፣ ክቡር ሆይ። ባለፈው ሰኞ ባለቤቴ ደውሎልዎ ተራ ቁጥር ሦስት ይነሣልን ብሎ ሲለምንዎ «ተመርቆበት ያለቀ ነገር እንዴት ይፈርሳል?» ብለውታል። እውነትዎን ነው። ሕጉን በአርባ ደቂቃ ያፈረሱ ሰዎች ምርቃቱን ለማፍረስ ሲፈሩ ማየት ደስ ይላል፤ የሆነ ነገር መፈራቱ ጥሩ ነው። አዲስ አሠልጣኝ እንደምታመጡም ሰምቻለሁ። ጎበዝ ቢሆን ሽማግሌ ይላክበታል፤ ጎበዝ ባይሆን አይላክበትም። ሁለቱም ለልጆቹ ያው ነው።

ትናንት ከሥራ ስገባ ሙንተሃ ጠረጴዛው አጠገብ ቅጹን እያየች ነበር። ልቤ ተነሣ። ብዕር ከቦርሳዬ አውጥቼ ከፊቷ አስቀመጥኩላት። ከዚያ ብዕሩን ወደኔ ገፋ አድርጋ «ኸላስ ማማ። ሁለት ሰው አልችልም» አለችኝ። አንድ ብቻ ነው የምትጠብቂው፣ ሌላዋን ጓደኛሽ ትይዛታለች ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ውሸት ስለሆነ መልሼ ዘጋሁት። እራት በልታ ተኛች። ኮሪደሩ ዝም ብሏል፤ ከታች ያሉት ጎረቤቶችም ዛሬ ጠዋት ሊፍት ውስጥ አግኝተውኝ ፈገግ ብለው ሰላም አሉኝ።

ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ የልጄን ስም ከቡድኑ ዝርዝር እንዲያወጡልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። እናንተ ጋ ሌላዋ ልጅ ነበር የምትባለው፤ ስሟ ሙንተሃ ነው፤ ለማውጣት ሲፈልጉ እንዳይቸገሩ ብዬ ነው።

ጊዜዎን ሰጥተው ስላነበቡልኝ፣ ልጆቻችንን ስላሰባሰቡልን፣ ከዚያም ስለበታተኑልን፣ በሁለቱም ላይ ላፈሰሱት ድካም ክብረት ይስጥልኝ እያልኩ፤ ወንበርዎ እንዲጸና፣ ዋንጫችሁ እንዲበዛ፣ ከደጃችሁም ሽማግሌ እንዳይጠፋ እየተመኘሁ፤ አክባሪዎ፣ የሙንተሃ እናት፣

ሰቢሃ ጀፋር
አል ዋሕዳ፣ አቡ ዳቢ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ከዘጠኝ ዓመት በታች ላሉት ሕፃናት የከፈታችሁትን ምዝገባ በግሩፑ ላይ አየሁ። ወላጅ ለልጁ «አስቆጣሪ» ወይም «ተከላካይ» ከሚሉት በአንዱ ላይ ምልክት እንዲያደርግ ትጠይቃላችሁ። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት፤ ሠላሳ አንድ ልጅ ተመዝግቧል፣ ሠላሳ አንዱም አስቆጣሪ ነው። በአንድ ዓመት ይህን ያህል ሰው ማስተማር ቀላል አይደለም። እንኳን ደስ ያለዎት።